ከዘንዘልማ አዲስ አበባ ስንት ነው?

ልጅ ሳለሁ «ከዚህ አዲስ አበባ ስንት ነው?» ብዬ አያቴን ስጠይቃቸው ኪሎ ሜትር ጠርተውልኝ አያውቁም። «የክረምቱን ነው የበጋውን?» ይሉኝ ነበር መልሰው። ያን ጊዜ የእርጅና ንግግር ይመስለኝ ነበር።

በአየር ቀጥታ ቢለካ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ ግን 565 ገደማ ነው። መንገዱን እንዲህ ያስረዘሙት የጮቄ ተራራና አባይ ናቸው። ከሁለቱም የሚብሰው አባይ ነው። ዘንዘልማ በጎንደር መንገድ፣ አባይ ከጣና ከሚወጣበት ማዶ ያለች ቀበሌ ናትና፣ የእኛ ሰው አዲስ አበባ ልግባ ሲል ያንኑ ወንዝ ሁለት ጊዜ ይሻገራል። አንደኛው እዚሁ ደጃፉ ላይ ነው፤ ውኃው ገና ከሐይቁ ሲወጣ። ሁለተኛው፣ ወንዙ ጎጃምን ዞሮ ከመጣ በኋላ፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ፣ ያንኑ ያህል ተወጥቶ። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምት የደረሰበት ነጋዴ ውኃው እስኪጎድል፣ መስከረም ጠብቶ እስኪያልፍ ከመቀመጥ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቋመና በዳኮታዎቹ ይህን ሁሉ ገደል ከላይ አለፈው። ዛሬ ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ ባሕር ዳር ያርፋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አውሮፕላኑ በሰማይ ሲመላለስ፣ በሞጣ በኩል በፋሺስት ወረራ ጊዜ መሐሉ የፈረሰው ሰባራ ድልድይ ለስድሳ ዓመት ያህል ሳይጠገን ቆይቶ፣ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከግንብ ወደ ግንብ እየተሳበ ይሻገርበት ነበር። ቲኬት ለቆረጠው አባይ በመስኮት የሚታይ ቡናማ ክር ሆነ፤ ለሌላው ያው አባይ ነው።

ድልድዮቹስ ተሠርተዋል። የበረሃው አዲስ ድልድይ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመረቀ፤ የባሕር ዳሩም 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚህ የኋለኛው ምረቃ ዘጠኝ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በክልላችን ውጊያ ሲበረታ በረራው ለቀናት ተቋረጠ፤ በምድርም መሄድ የሚያስፈራ ሆነ። ውኃው አልሞላም፤ ድልድይም አልተሰበረም።

በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ዘንዘልማ ደወልሁ። አክስቴ ስልኩን አነሡና ከሰላምታው ቀድመው፣

«መቼ ትመጣለህ ልጄ?» አሉኝ።

«መንገዱ ሲከፈት፣ እትዬ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ።

«እንግዲያው መስከረም ይጥባ» አሉ።