ፊታችንን ያላየው ካሜራ፦ ዌብካም ከየት መጣ? ስንገዛስ ምን እንይ?

በዲሴምበር 2009 (ያልተገለጸ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት አሜሪካውያን የሥራ ባልደረቦች በአንድ የኤችፒ ኮምፒውተር ፊት ቆመው የቀረጹትን አጭር ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ለቀቁ። አንዱ ጥቁር ነው፣ አንዷ ነጭ ናት። የኮምፒውተሩ ዌብካም የተጠቃሚውን ፊት እየተከተለ እንዲያሳይ ተደርጎ የተሠራ ነበር። ሴትየዋ ወደ ግራ ስትል ምስሉ ይከተላታል፤ ወደ ቀኝ ስትልም እንዲሁ። ተራው የባልደረባዋ ሲሆን ካሜራው ንቅንቅ አላለም። ሰውየው ተጠጋ፣ ራቀ፣ ጎንበስ ቀና አለ፤ ምንም የለም። እሷ ብቅ ስትል እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። ሰውየው የተናገረው እየቀለደ ቢሆንም ቪዲዮው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳርሶ ኩባንያውን ማብራሪያ እንዲሰጥ አስገደደው።

ማብራሪያው፣ ቴክኖሎጂው የሚሠራው በዓይን አካባቢና በጉንጭና በአፍንጫ መካከል ያለውን የብርሃን ልዩነት በመለካት ስለሆነ፣ ከፊት ለፊት በቂ ብርሃን ከሌለ ካሜራው ሊቸገር ይችላል የሚል ነበር። በቴክኒክ ረገድ ይህ ውሸት አይደለም። ነገር ግን በዚያው ክፍል፣ በዚያው መብራት ሥር የሴትየዋ ፊት ያለ ችግር ታይቷል። እንግዲህ ጥያቄው «በቂ ብርሃን» የሚባለው ለማን ፊት በቂ የሆነው ነው የሚል ይሆናል።

ይህ ጥያቄ ከዌብካም በፊት የነበረ ነው። በፊልም ዘመን የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልክላቸው የናሙና ካርድ ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ ባለሙያዎቹ «ሸርሊ» ይሏታል። የሸርሊ ቆዳ አምሮ ከወጣ ማሽኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። ጥቁር ልጅና ነጭ ልጅ አብረው በተነሡት የክፍል ፎቶ ላይ የጥቁሩ ልጅ ጥርስና የዓይን ነጭ ብቻ ቢታይ የማንም ጥፋት ተደርጎ አይቆጠርም ነበር። የጉዳዩን ታሪክ ያጠናችው ካናዳዊት ተመራማሪ ሎርና ሮት እንደጻፈችው፣ ኩባንያው ለጥቁር ቡናማ ቀለሞች የበለጠ ትኩረት እንዲሰጥ ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። የምርቶቻቸው ማስታወቂያ እያማረ አልወጣላቸውም ነበርና። የሰው ፊት ያላገኘውን ትኩረት ቸኮሌት አገኘው።

ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ያለው ካሜራ ፊልም ባይኖረውም የራሱ የሆነ ግምት አለው። ካሜራው በፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ አውጥቶ፣ አማካዩ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ብርሃኑን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ከኋላዎ ነጭ ግድግዳ ወይም ፀሐይ የገባበት መስኮት ካለ፣ «ብርሃን በዛብኝ» ብሎ ጠቅላላውን ምስል ያጨልማል። ግድግዳው ግራጫ ይሆናል፤ ጠይም ፊት ደግሞ ጥላ ይሆናል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከነጭ ግድግዳ ፊት የተቀመጠ የአዲስ አበባ ወጣት በዚያኛው ጫፍ ላሉት ጠያቂዎች የሚታየው እንዲህ ሆኖ ነው። ሰው ደግሞ ፊቱን በደንብ ያላየውን ሰው ማመን ይቸግረዋል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። እየተያዩ በስልክ የመነጋገር ሐሳብ ከኮምፒውተር ይቀድማል። በኤፕሪል 7 ቀን 1927 በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ ያኔ ግን የንግድ ሚኒስትር የነበረው ኸርበርት ሁቨር ዋሽንግተን ሆኖ ሲናገር ምስሉ በሽቦ ኒው ዮርክ ደረሰ። ምስሉ ይሄድ የነበረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ኒው ዮርክ ያሉት ሁቨርን አዩት፣ እሱ ግን አላያቸውም። በ1936 የናዚ ጀርመን ፖስታ ቤት በበርሊንና በላይፕዚግ መካከል ሕዝብ የሚጠቀምበት የምስል ስልክ ከፈተ። ተነጋጋሪዎቹ በቀጠሮ ወደየከተማቸው ፖስታ ቤት ሄደው ነበር የሚተያዩት። ጦርነቱ መጣና ተዘጋ።

ትልቁን ገንዘብ ያፈሰሰው የአሜሪካው ኤቲኤንድቲ ነው። በ1964 በኒው ዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን «ፒክቸርፎን» የተባለውን መሣሪያ ለሕዝብ አሳየ፤ በጁን 30 ቀን 1970 ደግሞ በፒትስበርግ ከተማ አገልግሎቱን ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያውን ጥሪ ያደረጉት የከተማው ከንቲባ ፒተር ፍላኸርቲና የአልሙኒየም አምራቹ የአልኮዋ ሊቀ መንበር ጆን ሃርፐር ነበሩ። የወር ክፍያው 160 ዶላር ነው፤ ለዚያውም ነፃው 30 ደቂቃ ብቻ ሲሆን ከዚያ በላይ በደቂቃ 25 ሳንቲም ይታሰባል። ደንበኛ አልመጣም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ነገሩ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ብዙዎች «ሰው በስልክ መታየት አልፈለገም» ብለው ይደመድማሉ። ግማሽ እውነት ነው። መሣሪያው በዚያኛው ጫፍ ሌላ ሰው ከሌለው ምን ይሠራል? በ160 ዶላር ከማን ጋር ሊተያዩ ነው? ከአርባ ዓመት በኋላ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ካሜራ ሲይዝ «መታየት አንፈልግም» ያለ አልተሰማም።

የሚገርመው፣ የዲጂታል ካሜራ መሠረት የሆነው ሲሲዲ የተባለው ብርሃን መቀበያ በዚያው ጊዜ፣ በ1969 በኩባንያው የምርምር ማዕከል በቤል ላብስ መፈልሰፉ ነው። ፈልሳፊዎቹ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል። ኤቲኤንድቲ በአንድ እጁ የከሸፈ ስልክ፣ በሌላኛው ዓለምን የለወጠ ቁስ ይዞ ነበር።

የዌብካም ልደት ግን በቡና ነው። በ1991 በእንግሊዝ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ «ትሮጃን ሩም» በተባለ ክፍል አጠገብ አንድ የቡና ማሽን ነበር። ሕንፃው ባለ ብዙ ፎቅ ነው፤ ከሌላ ፎቅ ደረጃ ወርዶ የሚመጣው ተመራማሪ ብዙ ጊዜ ባዶ ጀበና ያገኛል። ኩዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘርና ፖል ጃርዴትስኪ ካሜራ ወደ ማሽኑ አዙረው፣ ምስሉን በላቦራቶሪው ኔትወርክ ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፉ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ 128 በ128 ፒክስል ሲሆን በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ይታደስ ነበር። ለቡና በቂ ነው፤ ማሽኑም ቢሆን ቶሎ አይሞላም። በ1993 ዳንኤል ጎርደንና ማርቲን ጆንሰን ምስሉን ወደ ድረ ገጽ አወጡትና የቡናው ማሽን በዓለም ዙሪያ ታዋቂ ሆነ። በኦገስት 2001 ላቦራቶሪው ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር ካሜራው ጠፋ፤ ማሽኑን የጀርመኑ ሽፒግል ኦንላይን በኢቤይ ጨረታ በ3,350 ፓውንድ ገዛው። (ለእኛ አገር ሰው ይህ ታሪክ ትንሽ ያስቃል። ቡና መድረሱን ጭሱና ሽታው ይናገራል፤ ጠሪ ልጅም ይላካል።)

ለተራው ሰው የመጣው የመጀመሪያው ዌብካም በ1994 ኮኔክቲክስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ያወጣው «ኩዊክካም» ነው። ዋጋው 100 ዶላር ገደማ፣ ቅርጹ ድቡልቡል እንደ ዓይን ብሌን፣ ምስሉ 320 በ240 ፒክስል፣ ቀለም የለሽ፣ 16 የግራጫ ደረጃዎች ብቻ ያሉት። ሎጂቴክ በ1998 የካሜራውን ሥራ በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዛና እስከ ዛሬ በገበያው ላይ ተቀምጧል። በ2003 ደግሞ ለብዙ ሰው ያልታየ ትልቅ ነገር ሆነ፤ ኩባንያዎች ዩቪሲ በተባለ አንድ የዩኤስቢ ካሜራ ደንብ ተስማሙ። ዛሬ አንድ ዌብካም ገዝተን ሲዲ ሳንፈልግ፣ ሾፌር ሳንጭን ሰክተን የምንጠቀመው በዚያ ስምምነት ነው። ከዚያ ላፕቶፕ ሠሪዎች ካሜራውን ክዳኑ ውስጥ ቀበሩት፤ ስካይፕም ቪዲዮ ጨመረ።

በዋሽንግተንም ሆነ በሪያድ ላለው ወገን ስካይፕ ማለት እናትን ማየት ማለት ነበር። በ2012 ኢትዮጵያ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅን (ቁጥር 761/2004፣ በእኛ አቆጣጠር) ስታወጣ «ስካይፕ ሊያሳስር ነው» የሚል ዜና ዓለምን ያዳረሰው፣ ሰዉም የደነገጠው ለዚህ ነው። መንግሥት በበኩሉ የተከለከለው የንግድ ጥሪ ማስተላለፍ እንጂ የግል ስካይፕ አይደለም ሲል አስተባበለ። በ2020 ኮቪድ ሁሉንም ቤቱ ሲያስገባ ደግሞ ዌብካም ከመደብር መደርደሪያ ጠፋ፤ የተገኘውም በእጥፍ ተሸጠ።

አሁን ገበያው ሞልቷል፤ በሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን አሁንም የፒክስል ቁጥር ነው። ገዢን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። «ፎር ኬ» የሚለው ካሜራ የሚልከው ምስል በጥሪው ፕሮግራምና በኢንተርኔቱ አቅም ልክ ይቀነሳል፤ የቡድን ጥሪ ብዙውን ጊዜ ሙሉውን 1080 እንኳ አያሳልፍም። ሌላም አለ፦ በሴኮንድ 30 ፍሬም የሆነ 1080 ምስል ሳይጨመቅ ወደ አንድ ጊጋቢት ይጠጋል፤ ዩኤስቢ 2.0 የሚሸከመው 480 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ ካሜራው ራሱ ምስሉን ይጨምቃል፤ ርካሹ ደግሞ ክፉኛ ይጨምቃል። ሁለት ካሜራዎች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፎ ምስላቸው ሰማይና ምድር የሚሆነው በዚህ፣ በሌንሱና በብርሃን መቀበያው ስፋት ነው። መቀበያው ትንሽ ከሆነ ማታ በአንድ አምፖል ሥር ፊትን በነጠብጣብ ይሸፍነዋል። የላፕቶፕ ካሜራ የሚደክመውም ክዳኑ ቀጭን ስለሆነና ቦታ ስለማይበቃው ነው።

ስለዚህ ጠይም ፊት ያለው ገዢ ሻጩን የሚጠይቀው ዋናው ጥያቄ «የብርሃን መጠኑን በእጅ ማስተካከል ይቻላል?» የሚል መሆን አለበት። ከተቻለ ፊትን አስተካክሎ መቆለፍ ነው፤ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ይቃጠል፣ ግድ የለም። መስኮቱን ከኋላ ሳይሆን ከፊት ማድረግ ምንም አያስከፍልም፤ ብዙ ጊዜም ከአዲስ ካሜራ ይበልጣል። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ካሜራ ደግሞ በፍሎረሰንት መብራት ሥር መስመር መስመር እየሠራ ቢርገበገብ ተበላሽቷል ብሎ መጣል አያስፈልግም፤ የእነሱ መብራት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ስለሆነ ነው። ከካሜራው ማስተካከያ ውስጥ 50ን መምረጥ ብቻ ይበቃል። ጥሩ ስልክ ያለው ሰው ግን ጨርሶ ባይገዛም ይችላል፤ አፕል ከ2022 ጀምሮ አይፎንን ለማክ ዌብካም አድርጓል፣ አንድሮይድ 14 ያላቸው አንዳንድ ስልኮችም በዩኤስቢ ሲሰኩ እንደ ዌብካም ይሠራሉ። የስልክ ካሜራ ከአብዛኞቹ ዌብካሞች ይሻላል።

የሌንስ መክደኛውን እንደ ጌጥ የሚያይ አለ። በ2010 በፔንስልቬንያ የሎወር ሜሪየን ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ባደሉት ላፕቶፕ ካሜራ ልጆቹን ቤታቸው ሳሉ ሲያነሣ መቆየቱ ተጋለጠ፤ አስተዳደሩ ክሱን በ610,000 ዶላር ዘጋ። በ2013 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በቀድሞ ማክቡኮች ላይ ካሜራው እየሠራ የማስጠንቀቂያ መብራቱን ማጥፋት እንደሚቻል አሳዩ። በዚያው ዓመት የካናዳው ሲቲዝን ላብ፣ የግንቦት 7 አመራሮችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራምን ከኢትዮጵያ ጋር አያያዘ። ፊንስፓይ ካሜራ መክፈትም የስካይፕ ንግግር መቅዳትም ይችላል። ከዚያ በኋላ በሜሪላንድ የሚኖር፣ «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የቀረበ ኢትዮጵያዊ ተወላጅ አሜሪካዊ፣ የቤተሰቡ ኮምፒውተር በዚሁ ፕሮግራም ለወራት ተሰልሏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ከሰሰ። ፍርድ ቤቶቹ ስለላው ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም ወደሚለው አልገቡም። በማርች 2017 ይግባኝ ሰሚው፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመምና የውጭ መንግሥት አይከሰስም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ክሱ በዋናነት ያነሣው የተቀዱ የስካይፕ ንግግሮችን፣ ኢሜይልንና የኢንተርኔት ፍለጋን ነበር። መክደኛ ያለው ካሜራ የሚገዛ ሰው ይህንንም ማወቅ አለበት፦ መክደኛው ሌንሱን ይሸፍናል፣ አጠገቡ ያለውን ማይክሮፎን አይሸፍንም።