የዝናብ ውልና የእድር ቃል ኪዳን

ወልቂጤና ቡታጅራ የገበያ ከተሞች ሆነው ከመደርጀታቸው አስቀድሞ፣ የጉራጌ ባላገር ለክፉ ቀን የሚሆነውን መድን ያኖረው፣ ድርቅን ተቋቁሞ ለዓመታት በጓሮ በሚቆየው እንሰትና በጉድጓድ ተቀብሮ በሚከርመው ቆጮ ነበረ። ኋላም የጉራጌ ተወላጆች በአዲስ አበባ በማስፋፋቱ ስማቸው የሚነሣበት እድር በየከተማው ተተከለ፤ ነገር ግን የእድር ግዴታ በመተዳደሪያ ደንቡ የተጻፈው ነውና፣ በሞትና በሐዘን ጊዜ የሚከፍል እድር ሁሉ ቤት ሲቃጠል ይከፍላል ማለት አይደለም።

በመንግሥት በኩል፣ ከ1966ቱ የወሎ ረኃብ በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለተራበው ምጽዋትን እንጂ በውል የታሰረ መብትን አልሰጠም። ውል የመጣው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከመንግሥት ጋር ተባብሮ፣ 930,000 ዶላር ያህል አረቦን ለአንድ የፈረንሳይ የጠለፋ መድን ኩባንያ ከፍሎ፣ በ26 የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች የሚለካው ዝናብ እጅግ ቢያንስ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር የሚያስከፍል ውል ገባ። ዝናቡ ግን መልካም ሆነ፤ ምንም አልተከፈለም፤ ይህንንም ኪሳራ ነው ያሉ አልጠፉም፣ እኔ ግን የመድን ባሕርዩ ነው እላለሁ። ይልቁንስ የሚያሳስበው፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን ያጥለቀለቀውና ከ200 በላይ ነፍስ ያጠፋው ጎርፍ ከውሉ ውጭ መሆኑ ነው፤ እንዲሁም የጉራጌን እንሰት የሚፈጀው የአጠውልግ በሽታ፣ ዝናብ ቢዘንብም የሚመጣ መዓት ስለ ሆነ፣ በዝናብ መለኪያ ፈጽሞ አይታይም።