የንግዱ ማኅበረሰብ በኢኮኖሚ ፖሊሲና ሕግ ዝግጅት ላይ ሐሳቡን የሚያቀርብበት ሥርዓት

የታክስ፣ የጉምሩክ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የንግድ ፈቃድ ወይም የኢንቨስትመንት ሕግ በተለወጠ ቁጥር ለውጡ ቀድሞ የሚሰማው በሥራ ላይ ያለው ነጋዴ፣ አምራችና አገልግሎት ሰጪ ነው። አንድ ንዑስ አንቀጽ በመጋዘን የተከማቸን ዕቃ ዋጋ ሊለውጥ፣ የአንድን ሱቅ ህልውናም ሊወስን ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙ ነጋዴዎች ስለ አንድ ሕግ የሚሰሙት ሕጉ ወጥቶ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ቅሬታቸውንም ይዘው የሚመጡት ወደ አገልግሎት መስጫ መስኮት ነው። በመስኮቱ የተቀመጠው ባለሙያ ግን የወጣውን ሕግ ይፈጽማል እንጂ ሊለውጠው ሥልጣን የለውም። ሕጉ ገና ረቂቅ ሳለ ሐሳብ የሚሰጥባቸው ሕጋዊ መንገዶች አሉ፤ ይህ ጽሑፍ እነዚህን መንገዶች፣ የሚሠሩበትን ጊዜና በመካከል የሚገኙትን ማኅበራት ሚና ያብራራል።

የሥርዓቱ መነሻ የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 31 በማኅበር የመደራጀትን መብት ያረጋግጣል። አንቀጽ 43 ዜጎች በብሔራዊ ልማት እንዲሳተፉ፣ አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይም ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 89 ደግሞ ሕዝቡ በልማት ፖሊሲዎች ዝግጅት እንዲሳተፍ የማድረግን ግዴታ በመንግሥት ላይ ይጥላል። ስለዚህ አንድ ማኅበር በረቂቅ ሕግ ላይ አስተያየት ሲያቀርብ ውለታ እየጠየቀ አይደለም፤ ደጅ መጥናትም አያስፈልገውም።

የንግድ ምክር ቤቶችና የዘርፍ ማኅበራት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የንግድ ምክር ቤት በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1939 ዓ.ም. ነው። በሥራ ላይ የቆየው የምክር ቤቶቹ አወቃቀር የተመሠረተው በንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 341/1995 ላይ ነው። አዋጁ ሁለት ዓይነት ተቋማትን ጎን ለጎን ያደራጃል። የንግድ ምክር ቤት በአንድ አካባቢ በተለያየ ሥራ የተሰማሩ ነጋዴዎችን ያሰባስባል፤ የዘርፍ ማኅበር ደግሞ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ያሉትን ያሰባስባል። ሁለቱም ከወረዳና ከከተማ ተነሥተው በክልል በኩል እስከ አገር አቀፉ የኢትዮጵያ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ይደርሳሉ። አባልነት በፈቃደኝነት ነው። ይህ ለመደራጀት ነፃነት ተገቢ ቢሆንም የሚያስከትለውን መረዳት ያሻል፤ አባል ያልሆነ ነጋዴ ችግር በማኅበሩ ሰነድ ውስጥ የመካተት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ከምክር ቤቶቹ ውጪም በየሙያ መስኩ የተደራጁ አሉ። የባንኮች፣ የቡና ላኪዎች፣ የአበባና የአትክልት አምራች ላኪዎች ማኅበራት እንዲሁም የአሠሪዎች አደረጃጀቶች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። የአሠሪዎች ተወካዮች በአንዳንድ ጉዳዮች ከአስተያየት ሰጪነት ያለፈ ቦታ በሕግ ተሰጥቷቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ደመወዝ ቦርድ በሚደነግገው ክፍል ቦርዱ የመንግሥትን፣ የአሠሪዎችንና የሠራተኞችን ተወካዮች የሚያካትት መሆኑን አስቀምጧል።

ማኅበራት መንግሥትን የሚያነጋግሩት ቅሬታ ሲኖራቸው ብቻ ነው የሚለው አመለካከት የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። የአበባ ዘርፉ ታሪክ የተለየ ነገር ያሳያል። የአምራች ላኪዎቹ ማኅበር ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካል አያያዝ፣ ስለ ሠራተኞች ደኅንነትና ስለ አካባቢ ጥበቃ የራሱን የሥራ ደንብ በ1999 ዓ.ም. አዘጋጅቶ በአባላቱ እርሻዎች ላይ መተግበር ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ አበባ ልማት ዘርፍ የሥራ ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 207/2003ን አወጣ፤ በፈቃደኝነት የተጀመረውም አሠራር ለዘርፉ አስገዳጅ ሆነ። እዚህ ላይ ማኅበሩ ያቀረበው በሥራ የተፈተነ አሠራር ነበር። ይህ ዓይነቱ ሐሳብ ከአቤቱታ ደብዳቤ ይልቅ ለሕግ አርቃቂው ብዙ ያግዛል።

በ2002 ዓ.ም. በወቅቱ የነበረው የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ የምክክር መድረክ ለማቋቋም የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመዋል። መድረኩ ምክር ቤቱ ከአባላቱ የተሰበሰቡትን ችግሮች በጥናት አስደግፎ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚያቀርብበት እንዲሆን የታሰበ ነው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድን የሚመለከቱ ጥያቄዎች በንግዱ ማኅበረሰብ ዘንድ ሁልጊዜ ከሚነሡት መካከል ናቸው። በዚህ መስክ የወጡት ሕጎች ምን ያህል እንደሚለዋወጡ ለመረዳት አዋጅ ቁጥር 686/2002፣ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1150/2011 በአሥር ዓመት ውስጥ መውጣታቸውን መመልከት ይበቃል። የሕግ ጽሑፍ ዛሬ በወጣበት መልክ አይቀርም፤ በሚሻሻልበት ወቅት ሰነዱ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ማኅበር ተሰሚነቱ ይጨምራል።

ጥያቄው የሚቀርብበትን አካል መለየት

አዋጅን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብን የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲሆን፣ መመሪያን ደግሞ በሕግ ሥልጣን የተሰጠው ሚኒስቴር፣ ባለሥልጣን ወይም ቦርድ ያወጣል። በአዋጅ የተወሰነን የታክስ ምጣኔ እንዲቀንስ ለመምሪያ ኃላፊ ማመልከት ወይም በመመሪያ ላይ ያለን የቅጽ ጉዳይ ወደ ምክር ቤት መውሰድ ጊዜ ከማባከን ውጪ ውጤት የለውም። ከሁሉ አስቀድሞ «ይህ ግዴታ የተጻፈው በየትኛው ሕግ ውስጥ ነው?» የሚለውን ማጣራት ይገባል።

አዋጆች ብዙ የሚዲያ ትኩረት ስለሚያገኙ መመሪያዎች እንደ ዝርዝር ነገር ይታያሉ። የዕለት ተዕለት ንግድን በቀጥታ የሚነኩት ግን በአብዛኛው መመሪያዎች ናቸው። ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ተለይቶ በቆየው የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ የውጭ ባለሀብቶች የሚሳተፉበትን ሁኔታ የወሰነው ሰነድ አዋጅ ሳይሆን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ቁጥር 1001/2016 ነው። በቡና፣ በጫት፣ በቅባት እህል፣ በጥራጥሬ፣ በቆዳና በቁም እንስሳት ወጪ ንግድ የተሰማራ የአገር ውስጥ ላኪ ከዚህ መመሪያ ውጪ ሊሆን አልቻለም።

የመመሪያ አወጣጥን ሥርዓት ያስያዘው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት መመሪያ የሚያወጣ ተቋም ረቂቁን አዘጋጅቶ በምስጢር ሊያጸድቀው አይችልም። ረቂቅ መመሪያ መዘጋጀቱን ለሕዝብ ማስታወቅ፣ ረቂቁን በድረ ገጹ መጫን፣ ባለድርሻ አካላትና ማንኛውም ፍላጎት ያለው ሰው በጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጡ ከ15 የሥራ ቀናት ያላነሰ ጊዜ መፍቀድ አለበት። የተሰጡትን አስተያየቶች ማጤንና ስለ መመሪያው ማብራሪያ ማዘጋጀትም ይጠበቅበታል። የጸደቀው መመሪያ በፍትሕ ሚኒስቴር ተመዝግቦ ቁጥር ካልተሰጠውና በድረ ገጽ ካልተጫነ ተፈጻሚነት አይኖረውም። ስለዚህ አንድ ተገልጋይ «በመመሪያው መሠረት» የሚል መልስ ሲሰጠው የመመሪያውን የምዝገባ ቁጥር መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ባለሙያውም ሊነግረው ይገባል።

አሥራ አምስት የሥራ ቀን ሦስት ሳምንት ያህል ነው። በየክልሉ አባላት ላሉት ማኅበር ይህ በጣም አጭር ጊዜ ነው። ረቂቁ ከወጣ በኋላ አባላትን መጥራት የጀመረ ማኅበር ብዙውን ጊዜ አስተያየቱን የሚያደርሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ወይም ከሁለት ገጽ የዘለለ ይዘት ሳይኖረው ነው። ልምድ ያላቸው ማኅበራት የተቋማትን ድረ ገጽ በየሳምንቱ የሚከታተል ሰው ይመድባሉ፣ ቋሚ የባለሙያ ኮሚቴም ያቋቁማሉ። አባልነት የሌለው ነጋዴም በራሱ ስም አስተያየት መስጠት ይችላል፤ አዋጁ መብቱን ለማኅበራት ብቻ አልሰጠም።

አዋጅ ሲሆን መንገዱ ይረዝማል። ረቂቁ ከሚመለከተው ሚኒስቴር ተነሥቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት በኩል ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይመራል፤ ምክር ቤቱም ለዝርዝር ዕይታ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል። ቋሚ ኮሚቴው ይፋዊ የሕዝብ ውይይት ሲጠራ ማኅበራት በአካል ተገኝተው ሐሳባቸውን ያሰማሉ። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አዋጁ በአገር ውስጥ ለሚመረቱ ዕቃዎች የታክሱን መሠረት ከማምረቻ ወጪ ወደ ፋብሪካ መሸጫ ዋጋ የቀየረ፣ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይም ከፍተኛ ታክስ የጣለ በመሆኑ በረቂቁ ወቅት ከአምራቾችና ከተሽከርካሪ አስመጪዎች ጠንካራ አስተያየት ቀርቦበታል። ማሻሻያዎች ተደርገውበት ጸደቀ፤ አሮጌ ተሽከርካሪ እንዳይበረታታ የሚለው የፖሊሲ አቅጣጫ ግን አልተለወጠም። መሰማትና የጠየቁትን ሁሉ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አቅጣጫው ከተወሰነ በኋላ የሚካሄድ ውይይት የሚያሻሽለው በአብዛኛው ምጣኔን፣ የመሸጋገሪያ ጊዜንና አፈጻጸምን ነው። አቅጣጫውን መነጋገር የሚፈልግ ማኅበር የፖሊሲ ጥናቱ ሲጀመር መቅረብ አለበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምርና የበጀት ረቂቅ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ ለምክር ቤቱ ስለሚቀርብ፣ ከበጀት ጋር የተያያዘ ጥያቄ በሰኔ ወር ቢመጣ ዘግይቷል።

አስተያየቱ ምን መያዝ አለበት?

«ዘርፉ እየተጎዳ ነው» የሚል ደብዳቤ በየቀኑ ይደርሳል። ለአርቃቂው የሚጠቅመው ግን የትኛው አንቀጽ ችግር እንደሚፈጥር፣ ስንት አባላትን እንደሚነካ፣ ምን ያህል ተጨማሪ ወጪ ወይም ቀን እንደሚያስከትል የሚያሳይ፣ በመጨረሻም በአንቀጹ ምትክ ሊገባ የሚችለውን ቃል በቃል የሚያቀርብ ሰነድ ነው። የሌላውን ወገን ጥቅም ማንሣትም ይመከራል። የስንዴ ዱቄት አምራቹ የሚጠይቀው ነገር ዳቦ ጋጋሪውን ሊጎዳ ይችላል፤ መንግሥት ሁለቱንም ማየት ስላለበት ይህን አስቀድሞ የተመለከተ ማኅበር የበለጠ ይታመናል። አባላቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ካልተስማሙ ልዩነቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ በሰነዱ ሁለቱንም አቋም ማስፈር ይቻላል።

ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነገሮች አሉ። ተፎካካሪ ነጋዴዎች በማኅበር ስም ተሰብስበው ስለ ፖሊሲ መመካከራቸው ሕጋዊ ነው፤ በዚያው ስብሰባ የመሸጫ ዋጋ መወሰን ወይም ገበያ መከፋፈል ግን በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ለባለሥልጣን ወይም ለሠራተኛ ጥቅም መስጠትም በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ያስጠይቃል፤ «ለማኅበሩ ጉዳይ ነው» የሚለው ምክንያት ከተጠያቂነት አያድንም።

ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል የሚመች አይደለም። በጉሊት የሚነግዱ፣ በአነስተኛ ደረጃ የሚያመርቱ፣ ከዋና ከተማ ርቀው የሚሠሩ ነጋዴዎች ጥናት የሚያሠሩበት ገንዘብም፣ ስብሰባ የሚውሉበት ጊዜም የላቸውም። በመሆኑም በመድረክ ላይ የሚሰማው ድምፅ የትልልቆቹ ይሆናል። ለእነዚህ ነጋዴዎች ቅርቡ በር የወረዳ ወይም የከተማ ንግድ ምክር ቤት ነው። በቃል የተነገረ ችግር በማኅበሩ ጸሐፊ አማካይነት ተጽፎ ወደ ክልልና ወደ አገር አቀፍ ምክር ቤት ሊተላለፍ ይችላል።

የግል ጉዳይ ከሆነ

በአንድ ሰው ፈቃድ፣ የታክስ ስሌት ወይም ዕቃ ላይ የተሰጠ ውሳኔ የፖሊሲ ጉዳይ ስላልሆነ በማኅበር በኩል መሄዱ መዘግየትን ያመጣል። እንዲህ ያለው ጉዳይ በቅድሚያ ውሳኔውን ለሰጠው ተቋም የቅሬታ ሰሚ አካል ይቀርባል። የታክስ ውሳኔ ከሆነ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ለታክስ ባለሥልጣኑ ቅሬታ ቀርቦ፣ ከዚያም ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይባላል። የአስተዳደር በደል የደረሰበት ሰው ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ማመልከት ይችላል። ሕጉ ያስቀመጠው ሥነ ሥርዓት ሳይጠበቅ የወጣ መመሪያን ወይም ሕግን የተላለፈ የአስተዳደር ውሳኔን በተመለከተ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፍርድ ቤት ክለሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ አቤቱታው የሚቀርበው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።