የብረቱ ኳስና ለስላሳው ዓሣ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1960 ዣክ ፒካር እና ዶን ዋልሽ ወደ ማሪያና ገደል ወረዱ። ገደሉ ያለው በምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ሲሆን ከእሱ የሚጠልቅ የባሕር ወለል የለም። ሁለቱ ሰዎች የተቀመጡት ትሪዬስት ከተባለችው ጠላቂ መርከብ ሥር በተንጠለጠለ የብረት ኳስ ውስጥ ነበር። የኳሱ ግድግዳ 12.7 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። በመንገድ ላይ የመግቢያው መስኮት ተሰነጠቀ፤ ኳሱ ግን ቻለው። ታች የቆዩት 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ያ ሁሉ ብረት ለምን አስፈለገ? እዚያ ጥልቀት ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከአንድ ቶን በላይ ይጫናል። አውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ አንድ ትንሽ መኪና ቆመ እንበል። እንደዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰው አልባ ማሽኖች መጡ፤ ሐሳቡ ግን ብዙም አልተለወጠም። ለግፊት የማይበገር ጠንካራ ዕቃ ሥራ፣ ኤሌክትሮኒክሱን ውስጡ ደብቅ። የአሜሪካው ዉድስ ሆል የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ኔሬየስን በዚህ መንገድ ሠራ። ኔሬየስ በ2009 የማሪያናን ወለል ነክቶ ተመለሰ። በ2014 ግን ከኒውዚላንድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ባለው የከርማዴክ ገደል፣ 9,900 ሜትር ላይ ጠፋ። የተገኘው ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፍ ስብርባሪው ነው።

እኔን የሚገርመኝ የዚያው ዓመት ሌላ ዜና ነው። በ2014 መጨረሻ ተመራማሪዎች ማሪያና ገደል ውስጥ 8,000 ሜትር ገደማ ላይ ስኔልፊሽ የሚባል ዓሣ በካሜራ ቀረጹ። ቅርፊት የለው፣ አየር የሚይዝ ከረጢት የለው፤ ገላው እንደ ጄሊ ነው፣ የራስ ቅሉ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልገጠመም። ብረት በሚፈራበት ቦታ ይሄ ዓሣ ዘና ብሎ ይዋኛል።

ምስጢሩ ባዶ ቦታ ነው። ግፊት በአብዛኛው የሚጨፈልቀው ውስጡ አየር ያለበትን ነገር ነው። ፒካርና ዋልሽ ሳንባ ስላላቸው አየር ይዘው መውረድ ነበረባቸው። ሮቦት ግን አይተነፍስም! ታዲያ ለምን እንደ ሰው ይወርዳል?

በቻይና የዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይህን ጥያቄ በሥራ መለሱት። ከዓሣው ተምረው 22 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ለስላሳ ሮቦት ሠሩ። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹን አንድ ላይ ከማጨቅ ይልቅ አራርቀው ሲሊኮን ውስጥ ቀበሯቸው፤ ግፊቱ ሲመጣ እርስ በርስ እንዳይፋጩ። ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ቅርጹን የሚቀይር ለስላሳ ጡንቻ ነው። ውጤታቸው በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ፦ ሮቦቱ ማሪያና ውስጥ 10,900 ሜትር ላይ ክንፉን አርገበገበ።

ማጋነን ግን አያስፈልግም። እዚያ ታች የሠራው ከሌላ መሣሪያ ጋር ታስሮ ነው። በነጻነት የዋኘው በደቡብ ቻይና ባሕር፣ 3,224 ሜትር ላይ ነው። ፍጥነቱም በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጠንከር ያለ የውኃ ሞገድ ቢመጣ ይዞት ይሄዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለእሱ ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር የጥያቄው መለወጥ ነው። ለስልሳ ዓመት ገደማ "ግፊቱን እንዴት እናስቁም?" ስንል ኖርን። ዓሣው ግን ግፊቱን አያስቆምም፤ ያሳልፈዋል።