ከሻምፖ በፊት ቅቤ፣ ዘይት ወይም ኮንዲሽነር መቀባት፦ ለፀጉር እና ለራስ ቆዳ

ፀጉርን ከመታጠብ በፊት በቅባት ማለስለስ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ለጋ ቅቤ፣ አንዳንዴም አደስ የገባበት፣ ተቀብቶ በሻሽ አስሮ ማደርና በማግስቱ መታጠብ ከእናቶቻችን የመጣ ልማድ ነው። አሁን ደግሞ «ኮንዲሽነሩን ከሻምፖ በፊት ብጠቀም ይሻላል ወይ?» የሚል ጥያቄ በምሠራበት ጊዮርጊስ አካባቢ ከታካሚዎች ደጋግሜ እሰማለሁ። ሐሳቡ ያው ነው፤ መልሱም ለብዙዎች አዎ ነው። ነገር ግን ጥቅሙ ለፀጉሩ እንጂ ለራስ ቆዳ በሽታ አይደለም። ሁለቱን መቀላቀል ሕክምናን ያዘገያል።

ለፀጉር እንዴት ይጠቅማል?

ከቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም። አይመገብም፤ ሲጎዳም ራሱን አይጠግንም። ስለዚህ «ቅቤ ፀጉርን ይመግባል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ቅባቱ የሚያደርገው መከላከል ነው። ፀጉር ሲረጥብ ውሃ ስቦ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርቦ የተሠራው የላይኛው ሽፋኑ ይነሳል፤ ፀጉሩ ይሻክራል፣ ይሰባበራል። ቀድሞ የተቀባ ቅባት ውሃው ቶሎ እንዳይገባ ያደርጋል፤ በመታጠብና በማበጠር ጊዜ ያለውን መፋተግም ይቀንሳል።

በጣም የተጠቀለለ ፀጉር ላላቸው ጥቅሙ ይበልጣል። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በጥቅልሉ ላይ ተንሸራቶ ጫፍ ድረስ ስለማይደርስ ጫፉ ሁልጊዜ ይደርቃል። በካስክ፣ በፒያስትራ ወይም በቀለም የተጎዳ ፀጉርም እንደዚሁ ነው።

ከዘይቶች መካከል የተሻለ ማስረጃ ያለው የኮኮናት ዘይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የሕንድ ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ ነበር፤ ከፀጉር የሚወጣውን ፕሮቲን በግልጽ የቀነሰው የኮኮናት ዘይት ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ነው። ቅቤ ፀጉሩን ከላይ ሸፍኖ ያለሰልሳል፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው፤ ሽታውን ከቻሉት። ኮንዲሽነር ደግሞ በተጎዳው የፀጉር ክፍል ላይ የሚጣበቁ ንጥረ ነገሮች አሉት። ፀጉርዎ ስስና ለስላሳ ከሆነ ከሻምፖ በፊት ብቻ መቀባቱ ፀጉሩ እንዳይከብድና እንዳይተኛ ይረዳል። ወፍራምና የተጠቀለለ ከሆነ ግን ከሻምፖ በኋላም ይድገሙት።

አጠቃቀም

ፀጉርዎን አራት ቦታ ከፍለው በጣትዎ ይፍቱት። ቅባቱን ከጆሮ አካባቢ ጀምረው ወደ ጫፍ ይቀቡ፤ ሥሩን ይተዉት። ለኮንዲሽነር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ለዘይት ወይም ለቅቤ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይበቃል። ማደሩ ችግር ባይኖረውም ቀናት ማቆየት አያስፈልግም። ሻምፖውን በራስ ቆዳ ላይ እሹት፤ የሚወርደው አረፋ ለቀሪው ፀጉር ይበቃዋል። ለቅቤ ሁለት ጊዜ መታጠብ ሊያስፈልግ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ውሃ በሌለበት ሳምንት ቅቤውን ባይቀቡ ይሻላል። ቅባቱ ሳይታጠብ በፒያስትራ መሥራት ደግሞ ፀጉሩንም ቆዳውንም ያቃጥላል።

መቼ ነው የማይጠቅመው?

ፎሮፎር ካለብዎ የራስ ቆዳን ቅባት መቀባት ያቁሙ። የሚያሳክከውና የሚቀረፈው ቆዳ «የደረቀ» ስለሚመስል ብዙዎች ቅቤ ይጨምሩበታል። ፎሮፎርን የሚያባብሰው እርሾ መሰል ፈንገስ ግን የሚኖረው በቅባት ነው። ኬቶኮናዞል ያለበትን ሻምፖ ቆዳው ላይ 5 ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ይረዳል። ቅባት ግንባር ላይ ብጉር ካወጣብዎም ምክንያቱ ይኸው ቅባት ሊሆን ይችላል።

የበለጠ የሚያሳስበኝ የልጆች ቆረቆር ነው። ፀጉሩ በክብ ቦታ ይረግፋል ወይም ከሥሩ ይሰበራል፤ ቆዳው ይቀረፋል፤ አንዳንዴ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። እናት «ደርቆበት ነው» ብላ ለወራት ቅቤ ስትቀባ፣ በጋራ ማበጠሪያ እህትና ወንድም ላይ ይተላለፋል። ቆረቆር በሚቀባ ነገር ብቻ አይድንም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚያዝዘው ግሪሲዮፉልቪን ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ከቅባት ምግብ ጋር ሲዋጥ ሰውነት በደንብ ስለሚቀበለው፣ ቅቤው ለቆረቆር የሚጠቅመው ምግብ ላይ ሲሆን ነው።

ሦስተኛው ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ የሚያመጣው መሳሳት ነው። ከግንባር ጠርዝና ከጆሮ በላይ ይጀምራል፤ ሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ሊታዩ ይችላሉ። ስትሠራ የሚያማት ልጅ «ይለምድሻል» መባል የለባትም፤ ሹሩባው ይላላ። በጊዜ ከተቆመ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ቅቤም ዘይትም አይመልሰውም። ከመሐል አናት ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚያቃጥል መሳሳትም ጠባሳ የሚተው በሽታ ሊሆን ስለሚችል አይዘግዩ።

ከወሊድ 3 ወር ገደማ በኋላ የሚታየው መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ራሱ ይስተካከላል። ከድካምና ከመገርጣት ጋር ከሆነ ግን የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋል።

ለምርመራ ሲሄዱ

በቅርብዎ ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ካስፈለገ እንደ አለርት ያለ የቆዳ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይጽፉልዎታል። ሹሩባውን ፈትተው፣ ከቀናት በፊት ጀምሮ ቅቤም ዘይትም ሳይቀቡ ይሂዱ። ለቆረቆር ምርመራ ከቆዳው ቅርፊት ይፋቃል፤ በቅቤ የተሸፈነ ቆዳ ለማየትም ለመፋቅም ያስቸግራል። በቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ልጅ ካለም አብረው ይውሰዱት።