ሊኑክስና የጥበቃ ጥያቄ

በሊኑክስ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮችን ቫይረስ አይደፍራቸውም የሚለው አባባል በብዙ የሙያ ባልደረቦች ዘንድ እንደ እውነት ተቆጥሮ ኖሯል። መነሻም አለው፤ ይኸውም ተራው ተጠቃሚ የሥርዓቱን ዋና ፋይሎች የመለወጥ ሥልጣን ስለሌለው ነው። ታሪክ ግን በዚህ ብቻ መመካት እንደማይገባ ይመሰክራል።

ሊኑክስ ከመወለዱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ፣ አርአያው የሆነው ዩኒክስ በብርቱ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2 ቀን 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ፕሮግራም በሴንድሜልና በፊንገር ጉድለቶች፣ እንዲሁም በቀላሉ በሚገመቱ የምሥጢር ቃሎች እየገባ ራሱን አባዛ። የተጠቁት ኮምፒዩተሮች ወደ 6,000 እንደሚደርሱ ተገምቷል። ፕሮግራሙ አንድም ፋይል አላጠፋም፤ የበላይ አስተዳዳሪነትንም ሥልጣን አልፈለገም። ቀድሞ በገባበት ማሽን ላይ እንኳ ከሰባት አንዱን ጊዜ ዳግመኛ እንዲቀመጥ ታዞ ስለነበር፣ ብዛቱ ብቻ ማሽኖቹን አሽመደመዳቸው። ተጠቃሚውን ከሥርዓቱ የሚለየው አጥር እዚህ ላይ አንዳች አልፈየደም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም በሊኑክስ የሚሠሩ የጥበቃ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የማረከው ከፋብሪካ እንደወጡ በቀሩ የምሥጢር ቃሎች ነበር፤ ይህ የሥርዓቱ ጥፋት ነው ለማለት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተገለጠው የኤክስ ዚ ጉዳይ ግን ከሁሉ የረቀቀ ነው። በፋይል ማመቂያው ፕሮግራም ውስጥ ሥውር በር ያኖረው፣ ከሁለት ዓመት በላይ አብሮ በመሥራት አመኔታን ያተረፈ ሰው ነበር። ያጋለጠውም የቫይረስ መፈለጊያ ሳይሆን፣ የኮምፒዩተሩ መግቢያ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን ቸል ያላለው መሐንዲስ አንድሬስ ፍሮይንድ ነው።