የዓሣ ቆዳና የወንዝ ውሃ፦ ከካላክላ እስከ አበርዲን

ካላክላ ከካርቱም በስተደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር ይገኛል። በዚህ ወንዝ ቆሮሶና አምባዛ ይጠመዳሉ። ዓሣው ከመረብ ሲወጣ እጅን የሚያሙለጨልጨው ልጋግ ለዓይን ባዶ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር የዓሣ ቆዳ ላይ ከ100 እስከ 10 ሚሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ በምርምር ተረጋግጧል። ለመሆኑ ዓይነታቸውንና ብዛታቸውን የሚወስነው ምንድን ነው?

በካርቱም የባክቴሪያ ምርምር የቆየ ነው። ሄንሪ ዌልካም በሰጠው መሣሪያ በጎርደን ኮሌጅ ላቦራቶሪ ተቋቁሞ አንድሩ ባልፎር የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነ፤ በነጭ ዓባይ ላይ የሚመላለስ ተንሳፋፊ ላቦራቶሪም ነበረው። ሆኖም ትኩረቱ በሰውና በከብት በሽታ ላይ ነበር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጁሊያን ርዞስካና ባልደረቦቹ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የወንዙን ውሃና በውስጡ የሚኖሩትን ረቂቅ ሕያዋን አጠኑ።

የዓሣ ባክቴሪያ ጥናት በሰፊው የተካሄደው ግን ከዚህ ርቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 በስኮትላንድ በአበርዲን በተቋቋመው የቶሪ ምርምር ጣቢያ ነው። ሼዋን የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የሰሜን ባሕር ዓሦችን መረመረ። ባሕሩ ቀዝቃዛ በመሆኑ በቆዳቸው ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቅዝቃዜን የለመዱ ናቸው፤ ስለዚህ በበረዶ ውስጥም ቢሆን ዓሣውን ቀስ በቀስ ያበላሹታል።

የሞቃት አገር ዓሦች ሲመረመሩ ነገሩ ልዩ ሆኖ ተገኘ። በእነዚህ ላይ የሚበዙት ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች ስለሆኑ በረዶ ብዙዎቹን ያግዳቸዋል፤ በመሆኑም የሞቃት ውሃ ዓሣ በበረዶ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ የበለጠ ይቆያል። በረዶ ከሌለ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ በካርቱም ሙቀት ዓሣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። የሱዳን ሕዝብ ዓሣን በጨው አብላልቶ ፈሲኽ የሚያዘጋጀው፣ ፀሐይ ላይም የሚያደርቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሙቀት ሌላ የውሃው ጠባይም ወሳኝ ነው። በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ ደለል ይዞ የሚወርደው ጥቁር ዓባይ በካርቱም የነጭ ዓባይን ውሃ ወደ ኋላ ይገታል። እ.ኤ.አ. በ1937 የተጠናቀቀው የጀበል አውሊያ ግድብም የወንዙን አካሄድ ለውጧል። በየትኛውም ወንዝ ውሃው ሲረጋና ቆሻሻ ሲበዛበት ኦክስጅን ያንሳል፤ ዓሣው ይዳከማል፤ መከላከያ ልጋጉም ይሳሳል። ያን ጊዜ ኤሮሞናስን የመሰሉ፣ በጤናው ጊዜ ያልጎዱት ባክቴሪያዎች በቁስል ገብተው ይገድሉታል።

ዛሬ ባክቴሪያዎች በዘር ቅንጣታቸው ይለያሉ። በዚህም ዘዴ በቆዳው ላይ የሚገኙት ባክቴሪያዎች በውሃው ካሉት ጋር አንድ ዓይነት አለመሆናቸው፣ ዓሣው መርጦ እንደሚያኖራቸው፣ አንዳንዶቹም ጎጂዎችን እንደሚከላከሉለት ታውቋል።

እንግዲህ መምህራን ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ሊያስተምሩ ይችላሉ። አንደኛ፣ በአበርዲን እውነት የሆነው ሁሉ በካላክላ እውነት ስለማይሆን፣ ከሌላ አገር የመጣ ዕውቀት በአገር ውሃ መፈተን አለበት። ሁለተኛ፣ ወደ ወንዝ የምንጥለው ቆሻሻ በዓሣው ቆዳ አድርጎ ወደ ማዕዳችን ይመለሳል።